ልዑል ምስኪን፦ የሚጥል በሽታ ካለበት ወንድሜ ጋር ልብ ወለድ ስናነብ

ወንድሜን መጀመሪያ የጣለው በኅዳር ነው። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ውርጭ የሚያውቅ ያውቀዋል። ያኔ እሱ 13 ዓመቱ ነው፣ እኔ 22። ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት ምድጃው ዳር ቁጢጥ ብሎ እጁን ያሞቃል፤ እማዬ ቂጣ ታገላብጣለች። ድንገት ከጉሮሮው አንድ ጩኸት ወጣ፤ የእሱ ድምፅ ነው ለማለት የሚያስቸግር። ከዚያ ግትር ብሎ በግራ ጎኑ ወደቀና እጁ ፍሙ ላይ አረፈ። ጠባሳው ዛሬም ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ አንጓው ድረስ አለ።

ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ገባ። አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ያዘ። ሌላው ቁልፍ አስጨበጠው። አንዲት እናት ደግሞ በጥርሱ መሃል ማንኪያ ለማስገባት ይታገላሉ። ይጋባል ብለው አረፋውን የሸሹም ነበሩ። እኔ መቃኑን ይዤ ቆሜያለሁ። ሲለቀው ዐይኑን ገለጠ፤ የከበቡትን ፊቶች አንድ በአንድ አየ፤ ያን ጊዜ ከሁሉም አፍ ያ ድምፅ መጣ። ከንፈር መምጠጥ። «ውይ፣ ምስኪን!»

ይህንን የምጽፈው ቤታቸው ውስጥ እንዲህ ያለ ሕመም ለገባባቸው ሰዎች ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ የምሠራው በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። የማውቀው ወንድሜን ነው፣ ጥቂት መጻሕፍትንም። ሁለቱ የተገናኙት ግን እኔ ባሰብኩት መንገድ አልነበረም።

ከዚያ ጠዋት በኋላ ለብዙ ዓመታት ወንድሜ በሰፈራችን ስም አልነበረውም ማለት ይቻላል፤ «ያ ምስኪን ልጅ» ሆነ። ክፉ ሰዎች እንዳይመስሏችሁ። ቅንጬ ሠርተው የሚያመጡ፣ በጾም በጸሎታቸው ስሙን የሚያነሱ ናቸው። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ዘመን ማናቸውም፣ እኔም ጭምር፣ እሱን አንድም ነገር ጠይቀነው አናውቅም። ስለ እሱ እናወራለን። በአማርኛችን ደግሞ ሕመም ራሱ ባለቤት ነው፤ «ያዘው፣ ጣለው፣ አንፈራገጠው፣ ለቀቀው» ስንል በአራቱም ግሥ ወንድሜ ተሳቢ ነው። ለአሥር ዓመት ያህል ተሳቢ ሆኖ ኖረ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኛ ደበቅን። ትምህርት ቤቱ «ልጁን ለጊዜው ቤት ብታቆዩት» ሲለን እሺ ብለን አቆየነው፤ ጊዜው አንድ ዓመት ሆነ። ጠበልም ወሰድነው። ጠበሉን አልነቅፍም፤ እማዬ ዛሬም ትወስደዋለች፣ እሱም ደስ ይለዋል። ነገር ግን እዚያ የነበረ አንድ ሰው «እምነትና ክኒን አብሮ አይሄድም» ስላለን ፌኖባርቢታል የሚባለውን ክኒኑን በአንድ ቀን አቆምን። በሦስተኛው ቀን አራት ጊዜ ጣለው፤ በየመካከሉ ነፍሱን እንኳ አላወቀም። ይህን ካነበባችሁት ሁሉ ያዙልኝ፦ የዚህ ሕመም መድኃኒት ሐኪም ሳያዝ በድንገት አይቋረጥም። ጠበሉ ጠበል ነው፣ ክኒኑም ክኒን፤ ሁለቱን አብሮ ማድረግ ይቻላል።

ወደ መጽሐፉ ልምጣ። ከአራት ዓመት በፊት ለቤተ መጻሕፍታችን በእርዳታ የመጣ አንድ ካርቶን መጽሐፍ ስፈታ አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ ትርጉም እጄ ገባ። የሩሲያዊው ደራሲ የፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ ነው፤ «ኢዲየት» ይላል፤ ጅሉ፣ ነፈዙ እንደ ማለት። ሰፈር ውስጥ ወንድሜ ላይ የሚወረወር ስድብ ስለሆነ ልመልሰው ነበር። ቆሜ የመጀመሪያዎቹን ገጾች አነበብኩ። ነገሩ የሚጀምረው በኅዳር መጨረሻ፣ ከዋርሶ ወደ ፒተርስበርግ በሚጓዝ ባቡር ሦስተኛ ማዕረግ ውስጥ ነው። ለብርዱ የማይሆን ካባ የለበሰ አንድ ወጣት ልዑል፣ አንዲት ጥቅል ብቻ ይዞ፣ ፊት ለፊቱ የተቀመጠው እንግዳ ሲጠይቀው ምንም ሳይደብቅ ይመልሳል፦ የነርቭ ሕመም አለብኝ፣ የሚጥል ዓይነት፣ ስዊዘርላንድ ሄጄ ስታከም ቆይቼ ነው የምመለሰው።

ለማያውቀው ሰው! ባቡር ውስጥ! እኛ ለአጎታችን እንኳ የነገርነው በስንት ጭንቅ ነው።

መጽሐፉን ቤት ወሰድኩት። ወንድሜ እንግሊዝኛው ስለሚከብደው እኔ ቀን ቀን አነባለሁ፤ ማታ መብራት ሲጠፋ (ያኔ ደግሞ ደጋግሞ ይጠፋ ነበር) ያነበብኩትን በአማርኛ እንደ ተረት እነግረዋለሁ። ለእሱ ብዬ እንደማነብ አልነገርኩትም። የሩሲያ ታሪክ ነው አልኩት፤ ውርስ አለበት፣ ሁለት ሴቶች አሉበት፣ ቢላዋ አለበት። በኋላ ሳስበው ይህ ጥሩ ዘዴ ነበር። ለታመመ ሰው ስለ ሕመሙ የተጻፈ ነገር አምጥቶ «ይኸው አንተን ይመስላል» ማለት መስተዋት ፊቱ ላይ እንደ መደቀን ነው። ከዚያ ልዑል ጋር ስናመሽ ግን ዋናው ጉዳይ ማንን ያገባል የሚለው ነበር።

መጀመሪያው ማታ እማዬ ጥጥ እየፈተለች ታዳምጣለች።

«ማነው ስሙ ያልሽው?»

«ልዑል ሚሽኪን።»

«ምስኪን? ልዑል ሆኖ ምስኪን ተብሎ ይጠራል?»

ወንድሜ በሳቅ ፈነዳ። ያንን ቃል ሰምቶ ሲስቅ ያየሁት ያን ማታ ነው። ከዚያ ወዲያ በቤታችን የሰውየው ስም ልዑል ምስኪን ሆኖ ቀረ፤ እኔም ማረሙን ተውኩት።

አሁን ዋናው ነገር። በመጽሐፉ ውስጥ ልዑሉ ከመውደቁ በፊት ስላለችው ቅጽበት ያስባል። በሰውየው ራስ ውስጥ ድንገት ብርሃን ይበራል፤ ጭንቀቱ ሁሉ ይረግፋል፤ ለዚያች አንዲት ቅጽበት ዕድሜ ልክ ቢሰጥ አይቆጭም። ዶስቶየቭስኪ ራሱ ይህ ሕመም ነበረበት፤ ሲጥለውም ቀኑን እየመዘገበ ይይዝ ነበር። ስለዚህ ሳነበው፣ በቃ፣ ምስጢሩን አገኘሁት አልኩ። ወንድሜ ሲወድቅ በውስጡ እንዲህ ያለ ብርሃን ይበራለታል ማለት ነው! የዚያን ማታ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ትንሽም እያለቀስኩ፣ ነገርኩት።

«ውሸት ነው» አለኝ።

«እንዴት ውሸት? ሰውየው እኮ ራሱ ያመው ነበር።»

«የሱን አላውቅም። የኔ እንደዚያ አይደለም። ምን ብርሃን? እኔ እፈራለሁ እንጂ።»

ከዚያ፣ ከ13 ዓመቱ ጀምሮ ማንም ያልጠየቀው ልጅ፣ ከአንድ ሩሲያዊ ጋር ተጣልቶ መናገር ጀመረ። ከሆዱ አንድ ነገር ይነሳል፤ ባጃጅ ጉብታ ዘሎ ሲወርድ ሆድ ባዶ እንደሚሆነው። ወደ ደረቱ ይወጣል። የቆመበት ቦታ፣ የሚያየው ሰው፣ የሚሰማው ወሬ ሁሉ ከዚህ በፊት እንዳለ የሆነ ይመስለዋል። ከዚያ ፍርሃት፤ ምንን እንደሚፈራ ግን አያውቅም። «ምን ያህል ይቆያል?» አልኩት። ትንሽ አሰበና፦ «ሲመጣብኝ አቡነ ዘበሰማያት እጀምራለሁ። ሲሳየነ ላይ ግን ደርሼ አላውቅም።»

እማዬ እንዝርቷን አቆመች። እኔ በልቤ ጸሎቱን ደገምኩት። ከመጀመሪያው እስከ «ሲሳየነ» አሥር፣ አሥራ አምስት ሰከንድ ይሆናል። አሥራ አምስት ሰከንድ! ከምድጃ ለመራቅ ይበቃል። መሬት ለመቀመጥ ይበቃል። «መጣብኝ» ለማለትም ይበቃል። ያንን ሁሉ ዓመት ይህ ጊዜ በእጃችን ነበር፤ እኛ ክብሪት እንፈልግ ነበር።

ስለዚህ ልብ ወለድ ምን ያደርጋል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ መጽሐፉ የወንድሜን ስሜት ነገረኝ አልላችሁም። የነገረኝ የሌላ ሰው ስሜት ነው፤ በኋላ እንደተረዳሁት ያ የብርሃን ነገር በዚህ ሕመም እንኳ አልፎ አልፎ እንጂ ብዙ ሰው ላይ የማይታይ ነው። የነገረኝ ግን አንድ ትልቅ ነገር ነበር፤ ከመውደቁ በፊት «ውስጥ» አለ። የሚወድቀው ሰው ያን ጊዜ አንድ ነገር እያየ፣ አንድ ነገር እያሰበ ነው። እኔ ሁልጊዜ ያየሁት ከውጭ ነው፤ ጩኸቱን፣ አረፋውን፣ እግሩን። መጽሐፉ ተሳስቶም ቢሆን በሩን አሳየኝ፤ የከፈተልኝ ወንድሜ ነው።

ያንን የነገረንን በአንድ ደብተር ላይ ጻፍኩት፤ ከዚያም እንደ ጸሐፊው መመዝገብ ጀመርን። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ ሌሊቱን ተኝቶ ነበር ወይ፣ ክኒን ዘሎ ነበር ወይ። ከሦስት ወር በኋላ አዲስ አበባ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ስንደርስ ደብተሩን ሰጠናት። ገልበጥ ገልበጥ አደረገችና ለእኔ ሳይሆን ለእሱ «ያ ከሆድ የሚነሳው ነገር ሁልጊዜ ይመጣል?» አለችው። እንዳስረዳችን ከሆነ ያ ስሜት የሕመሙ ማስጠንቀቂያ ብቻ አይደለም፤ ሕመሙ ራሱ የጀመረበት ቅጽበት ነው፤ ከአንጎል በየትኛው በኩል እንደሚነሳም ይጠቁማል። የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ ኢ.ኢ.ጂ የሚሉትን፣ አዘዘች። ፌኖባርቢታሉን ቀስ በቀስ እየቀነሰች ወደ ካርባማዜፒን አዛወረችው። በወር ሦስትና አራት ጊዜ ይጥለው የነበረው ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የሁሉም ሰው እንዲህ ይሆናል ማለቴ አይደለም። ቢሆንም የዓለም ጤና ድርጅት በትክክል ቢታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሕሙማን ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ ይላል። እኛ ያንን ቁጥር ሳናውቅ ስንት ዓመት አቃጠልን።

ብቻችንንም አልነበርንም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው ያጠኑትና እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ጥናት ከሺህ ሰው 5.2 የሚሆነው ይህ ሕመም እንዳለበት ይናገራል። ይህን ሳነብ የእኛን ቀበሌ በልቤ ቆጠርኩ። የት አሉ ሌሎቹ? እንደኛው ቤት ውስጥ።

ወደ ልዑሉ ልመለስ፤ ሁለት ቦታዎች አሉ የማልረሳቸው። አንደኛው ደረጃው ላይ ነው። ሮጎዢን የሚባለው ያ የባቡር ጓደኛው በቅናት አብዶ ጨለማ ውስጥ ቢላዋ ያነሳበታል። በዚያችው ቅጽበት ልዑሉን ይጥለዋል፤ ይጮኻል፤ ገዳዩ ጩኸቱን ሰምቶ ደንግጦ ይሸሻል። ጸሐፊው ስለዚያ ጩኸት ሲናገር በሰውየው ውስጥ ሌላ አንድ ፍጡር የሚጮኽ ያህል ነው ይላል። እዚህ ላይ ቆምኩ። ጎረቤቶቻችን «ጋኔኑ ጮኸ» የሚሉት እኮ ይህንኑ ነው! በጥላቻ የፈጠሩት አይደለም፤ ጆሯቸው የሰማው እንደዚያ ነው፤ የእኔም ጆሮ ያንን ጠዋት የሰማው እንደዚያ ነበር። ልዩነቱ ጎረቤት ጩኸቱን ሰምቶ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ልብ ወለዱ ግን ሰውየውን ተከትሎ ደረጃውን መውረዱ ነው። እማዬን ክብሪት ያስተዋት ይህ ነገር ይመስለኛል። «ጩኸቱ የሱ ነው» አለች በማግስቱ፣ ለራሷ እንደምትናገር። የደረት ጡንቻ ድንገት ሲኮማተር አየር በጉሮሮ ተገፍቶ የሚያወጣው ድምፅ መሆኑን አንዲት ነርስ ስንት ጊዜ ነግራት ነበር፤ አልገባትም ነበር።

ሁለተኛው የአበባ ማስቀመጫው ነው። ልዑሉን አንድ ትልቅ ቤት ግብዣ ይጠሩታል። የሚወዳት ልጅ አስቀድማ ያንን ውድ የቻይና የአበባ ማስቀመጫ «ስበረው» እያለች ታሾፍበታለች። እሱም ከማስቀመጫው ርቆ ለመቀመጥ ይወስናል። ወሬው ሲሞቅ ይረሳል፤ ይሰብረዋል። ጥቂት ቆይቶ በዚያው እንግዳ ሁሉ ፊት ይጥለዋል። ወንድሜ ይህን ሦስት ጊዜ አስደግሞኛል። «ሰርግ ላይ እኔ እንደዚህ ነኝ» አለ። «ሁላችሁም እንዳይጥለኝ ትጠብቃላችሁ። እኔም እጠብቃለሁ። እስክስታውን የሚያይ የለም።»

የዚያን ማታ ነው ስለ መንቃቱ የነገረን። እኔ ከሁሉ የሚከፋው መውደቁ ይመስለኝ ነበር። «መውደቁንማ እኔ የለሁበትም» አለ። የሚከፋው ስትነቃ ነው፤ ምን ሰዓት እንደሆነ፣ የት እንዳለህ ሳታውቅ፣ ከላይህ ክብ ሠርተው የቆሙ ፊቶች። ድምፁ ጆሮው ሳይደርስ በፊት ከንፈራቸው ሲሰበሰብ ይታየዋል። መጀመሪያ የሚያስበው ሱሪው እርጥብ ይሆን፣ ማንስ አይቶት ይሆን የሚለውን ነው።

ስለዚህ ቤታችን ውስጥ የተለወጠውን ልንገራችሁ፤ ለእናንተም ሊሆን ይችላል። ሲጥለው በጎኑ እናስተኛዋለን፤ ራሱ ሥር ለስላሳ ነገር፤ አፉ ውስጥ ምንም አይገባም፤ እጅና እግሩን አንይዝም፤ ክብሪት የለም። ሰዓት እናያለን፤ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ሐኪም ቤት። ይህንን ማንም ጤና ባለሙያ ይነግራችኋል። ወንድሜ የጨመረው ደግሞ ይኸው ነው፦ ነጠላ ወይም ጋቢ ከወገቡ በታች ጣል ይደረግለታል። ሰው ይበተናል፤ አንድ የሚያውቀው ሰው ብቻ፣ ቆሞ ሳይሆን ተቀምጦ፣ አጠገቡ ይቀራል። ሲነቃ «አይዞህ» ከማለታችን በፊት የት እንዳለና ስንት ሰዓት እንደሆነ እንነግረዋለን። «አይዞህ» ሲሉት የባሰ ነገር የደረሰ ይመስለዋል።

ከዚህ በኋላ ይህ ሕመም ያለበትን መጽሐፍ ሁሉ መፈለግ ጀመርኩ። ሁሉም ግን እንደ ልዑሉ አይደለም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን የሼክስፒርን ተውኔት «ኦቴሎ»ን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። በአራተኛው ገቢር ኦቴሎ በቅናት ወሬ ተመርዞ ይወድቃል። መኮንኑ ካሲዮ ደርሶ ጆሮ ግንዱን እሸው ሲል ኢያጎ ይከለክለዋል፤ የሚጥል በሽታ ነው፣ ትናንትም ጥሎት ነበር፣ ካልተዉት አረፋ ደፍቆ ያብዳል ይለዋል። ልብ በሉ፤ ስለ ታማሚው የሚናገረው ጠላቱ ነው፣ ያውም ራሱ የመረዘው ሰው። ታማሚው አንዲት ቃል አይናገርም። ተማሪ ሆኜ ሳነበው ኢያጎን አምኜው ነበር፤ ሕመሙን የሚያውቅ ሰው መስሎኝ! አሁን ግን በማናቸውም ልብ ወለድ፣ ድራማም ሆነ ፊልም፣ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው፤ ታማሚውን የምናየው በማን ዐይን ነው? በየቴሌቪዥኑ ለሳቅ ተብሎ የሚንፈራገጠውን፣ ወይም ለማስፈራራት ዐይኑን የሚያገለብጠውን ተዋናይ ስናይ እኛ ኢያጎ ጎን ቆመናል።

ዶስቶየቭስኪ ራሱም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። በ«ካራማዞቭ ወንድማማቾች» ውስጥ ስሜርዲያኮቭ የሚባለው አሽከር ያው ሕመም አለበት፤ ግድያ በፈጸመበት ቀን ደግሞ እንደጣለው አስመስሎ ይተኛል። ወንድሜን «አውቆ ነው» ብለው የሚያሙት ሰዎች ስለነበሩ ይህን ለመንገር ፈራሁ። እሱ ግን ወደደው። «አንዱን ቅዱስ አደረገው፣ አንዱን ነፍሰ ገዳይ። ስለዚህ በሽታው ጠባይ አይደለማ!» ይህ ለእኔ ከየትም ያላገኘሁት ትንታኔ ነው። ጸሐፊው ያንን መጽሐፍ ሊጽፍ ሲነሳ፣ እ.ኤ.አ. በ1878፣ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጁ አልዮሻ በዚሁ ሕመም ሞቶበታል፤ የመጽሐፉንም ደግ ወንድም አልዮሻ ብሎ ጠራው። እማዬ ይህን ስትሰማ እንደ ዘመድ አዘነችለት።

ሌላ ሕመም ላለባቸውም ሞክሬአለሁ። እናቷ የመርሳት ሕመም ለያዛቸው ባልደረባዬ የሊሳ ጄኖቫን «ስቲል አሊስ» ሰጠኋት፤ ጸሐፊዋ የነርቭ ሳይንስ ተማሪ የነበረች ናት፣ ታሪኩም ዕድሜዋ ገና ሃምሳ በሆነ ፕሮፌሰር ዐይን የሚታይ ነው። ሴትዮዋ በየቀኑ በምታልፍበት አደባባይ መሃል ቆማ ቤቷ በየት በኩል እንደሆነ ይጠፋባታል። ባልደረባዬ እዚያ ድረስ አንብባ መለሰችልኝ፤ ከበዳት። ልክ ናት። መጽሐፍ መድኃኒት አይደለም፤ በግድ አይሰጥም።

ሳይንሱም ቢሆን እንደዚያ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ኪድና ካስታኖ የሚባሉ ተመራማሪዎች «ሳይንስ» መጽሔት ላይ፣ ጥቂት ገጽ ጥሩ ልብ ወለድ ማንበብ የሌላውን ስሜት የመረዳት ችሎታን ወዲያው ከፍ ያደርጋል የሚል ጥናት አወጡ፤ ዓለም ሁሉ አወራው። በ2018 በብዙ ሰው ላይ ሲደገም ያው ውጤት አልተገኘም። አልገረመኝም። እኔም ያንን የብርሃን ገጽ አንብቤ አልቅሼ ነበር እኮ፤ ልቅሶዬም ከከንፈር መምጠጥ ብዙ የራቀ አልነበረም። የለወጠኝ «ውሸት ነው» የተባልኩበት ማታ ነው።

አንድ ጥፋቴን ልናገርና ላብቃ። የልዑሉ መጨረሻ አያምርም። ከደረሰበት ሁሉ በኋላ አእምሮው ይጨልማል፤ ሰው መለየት ያቅተዋል፤ ወደ ስዊዘርላንድ ይመልሱታል። ይህን ሳነብ ለወንድሜ ልነግረው አልቻልኩም። ስለዚህ ፈጠርኩ። ልዑሉ ድኖ፣ አግብቶ፣ አገሩ ቀረ አልኩት። በደስታ ሰማኝ፤ ምንም አላለም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሱቁ (ሞባይል ይጠግናል) ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ በር ላይ ቆመ።

«በስልኬ ፈልጌ አነበብኩት» አለኝ። «እትዬ፣ አንቺም ከንፈርሽን መጠጥሽብኝ?»

መልስ አልነበረኝም። ድምፅ ሳላሰማ መጥጬለት ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ሌሎቹ እንዳደረጉት። የሚችለውን እኔ ወሰንኩለት። የዚያን ማታ የመጨረሻውን ክፍል ከመጽሐፉ ላይ እያየሁ፣ ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር እየተረጎምኩ፣ ምንም ሳልቀንስ አነበብኩለት። ሁለት ሰዓት ፈጀ። ሲያልቅ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ጠባሳውን ያሻሽ ነበር።

ዝምታውን የሰበረችው እማዬ ናት።

«ያ ልዑል ግን» አለች፣ «ክኒኑን በሰዓቱ ይወስድ ነበር?»

ያ መጽሐፍ በመጽሔት መውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1868 ነው፤ ወንድሜ መጀመሪያ የዋጠው ፌኖባርቢታል እንኳ ለዚህ ሕመም መሰጠት የጀመረው በ1912። «በሱ ጊዜ ያንተ ዓይነት ክኒን አልነበረም» አልኩ፣ ወደ ወንድሜ ዞሬ።

«አልነበረም?» አለች እማዬ። እንዝርቷን ጭኗ ላይ አስተኛች፤ ከንፈሯንም መጠጠች። «ውይ፣ ምስኪን!»

ወንድሜ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ እኔን አየኝ፤ ሳቁ ከጎረቤት ድረስ ተሰማ።